ነጯ ወታደር

ባለፈው ጥቅምት ጋምቤላ ከተማ መሃል አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የሦስት ቀን ሥልጠና ተሰጠን። አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጣ፣ ጫማው ላይ የእኛ አቧራ ገና ያላረፈበት ሰው ነበር። የመጀመሪያውን ምስል ግድግዳው ላይ ሲያበራ የቼዝ ሰሌዳ ሆኖ አገኘሁት። ጥቁሩ ንጉሥ ወድቋል፤ ነጩ ቆሟል። «ሁላችንም ሰሌዳው ላይ ነን» አለ። «ጥያቄው የሚያንቀሳቅሰን ማን ነው የሚለው ነው።» ከኩሌ የስደተኞች ጣቢያ የሄድን አሥራ አራት ሠራተኞች ይህን ማስታወሻችን ላይ እንድናሰፍር ተጠየቅን። ባልደረቦቼ ጻፉ። እኔ ብዕሬን ከፈትኩና መልሼ ከደንኩት።

በዕረፍት ሰዓት ሰውዬውን ቼዝ ይጫወት እንደሆነ ጠየቅሁት። አይጫወትም። ምስሉን ከኢንተርኔት ነው ያወረደው።

እንዲህ ያለውን ንግግር በአሥር ዓመቴ ጠግቤዋለሁ። ያኔ የሚናገረው አባቴ ነበር። እሱ ቢያንስ የቼዝ ጠጠሮቹ ነበሩት።

አባቴ አቶ ፍቃዱ ከደብረ ብርሃን መጥቶ አቦቦ ላይ የአልዌሮ ግድብ ሲሠራ በዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊነት ያገለገለ ሰው ነው። ቼዝ የተማረው ከግድቡ ሩሲያውያን ነበር። እነሱ ወደ አገራቸው ሲሄዱ አንዱ መሐንዲስ የፕላስቲክ ጠጠሮቹን ከነሰሌዳው ሰጠው። ከሩሲያውያን ማቀዝቀዣ የተረፈው ሰው ነበር፤ የብረት አልጋ የተረፈውም ነበር። ለአባቴ ሠላሳ ሁለት ጠጠር ተረፈው። እናቴ ወይዘሮ ቦጋለች ይህን የመናገር አጋጣሚ አምልጧት አያውቅም። እሷ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ነበረች፤ ነገር አታበዛም፣ የምትናገረው ግን አይረሳም።

መንግሥት ተለውጦ ጋምቤላ ክልል ስትባል አባቴ አዲስ በተቋቋመው ቢሮ ውስጥ የስፖርት ባለሙያ ሆኖ ተመደበ፤ ደብዳቤው ላይ ግን «በጊዜያዊነት» የሚል ቃል ነበረበት። ያ ቃል ከእኛ ጋር ይበላ፣ ከእኛ ጋር ይተኛ ነበር። የምንኖረው ከባሮ ወንዝ ብዙም በማይርቅ የመንግሥት ቤት ውስጥ ነው፤ ሁለት የማንጎ ዛፍና ሰፊ በረንዳ ነበረው። የሠራተኛ ድልድሉ ሲወጣ አባቴ ስሙ ከሌለበት ቤቱንም ሥራውንም እናጣለን። የቢሮው ኃላፊ አቶ ኦቻላ የሚባሉ ወጣት አኙዋክ፣ የቀድሞ አስተማሪ ነበሩ። በመጋቢት የከተማው ቡድን ከአቦቦ ቡድን ጋር እግር ኳስ እንደሚጋጠም፣ የሚያሸንፈው አሠልጣኝ ለክልሉ ቡድን ተጫዋች መርጦ አዲስ አበባ ይዞ እንደሚሄድ አስታወቁ። አባቴ የከተማው ቡድን አሠልጣኝ ነበር። «እዚህ ላይ ከተሸነፍኩ ድልድሉ ላይ አልኖርም» አለ ለእናቴ። እሷም «እንግዲያው ተጫዋቾቹን ኳስ አስተምራቸው» አለችው።

እሱ ግን ኳስ አላስተማራቸውም።

በጠንካራ ሽፋን ደብተር ላይ «ቼዝና ስፖርት» የሚል ጥናት ይጽፍ ነበር። ስለ እግር ኳስ፣ ስለ መረብ ኳስና ስለ ቦክስ አንድ አንድ ምዕራፍ ነበረው። የሩጫው ምዕራፍ ግማሽ ገጽ ነው፤ ሩጫ ውስጥ ሐሳብ የለም ብሎ ደምድሞ ዘጋው። ረጅሙ ምዕራፍ ስለ ክሪኬት የተጻፈው ነበር። ክሪኬትን አይቶ አያውቅም። ሁለተኛ ደረጃ ሲማር የሂሳብ አስተማሪው የነበሩ ሕንዳዊ በቃል ነግረውታል፤ አንድ ሰው ጠፍጣፋ ዱላ ይዞ ከኋላው የተተከሉ ሦስት እንጨቶችን ይጠብቃል፣ አሥራ አንድ ሰው ከቦት ኳስ ይወረውርበታል፣ ጨዋታው አምስት ቀን ሊፈጅ ይችላል። አባቴ ከዚህ ተነስቶ ሠላሳ ሁለት ገጽ ጻፈ። እንጨቶቹ መንቀሳቀስ የማይችል ንጉሥ ናቸው፤ ዱላ የያዘው ሰው ብቻውን የቀረ ጠባቂ ነው፤ እያለ። ጨዋታውን ስላላየው መንገዱ ላይ የሚቆምበት እንቅፋት አልነበረም። እኔም ትምህርት ቤት ሄጄ አባቴ የክሪኬት ሊቅ ነው ብዬ አወራሁ። ክሪኬት ምን እንደሆነ የጠየቀኝን ሁሉ ናቅሁት። መናቅን ከማባዛት በፊት ነው የተማርኩት።

ልምምዱ የሚደረገው ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ነበር። አባቴ ኖራ በጥብጦ የሜዳውን ግማሽ በስድሳ አራት ቤት ከፈለው። እያንዳንዱ ተጫዋች የጠጠር ስም ተሰጠው። ታንግ ግንብ ነው፤ ኮት ፈረስ። ሁለቱም ረጃጅም ኑዌሮች፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ። አባቴ ትንሹን ሰሌዳ ወንበር ላይ አስቀምጦ ጠጠሮቹን ያንቀሳቅሳል፣ ተጫዋቾቹ መሬት ላይ ያንኑ ይከተላሉ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ኖራው የላባቸውን እግር ያነጣዋል። እኔ ማንጎ እየበላሁ የተሳሳተውን እየቆጠርኩ ለአባቴ እነግረዋለሁ።

አንድ ቀን ኮት ከኖራ ቤቱ ወጥቶ ወደ ወንበሩ መጣ። ሰሌዳውን ጎንበስ ብሎ ብዙ አየው።

«ጋሼ» አለ፣ «ይሄ እኔ ነኝ። ይሄ ታንግ ነው። እሺ። ኳሱ የትኛው ነው?»

አባቴ ፈረሱን አንስቶ እዚያው መልሶ አስቀመጠ። ከዚያ ይህ የጀማሪ ጥያቄ መሆኑን፣ ኋላ እንደሚገባው ነገረው። ኮት «እሺ ጋሼ» ብሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ። እኔ ሳቅ አፈነኝ። ማታ ራት ላይ ጥያቄውን በኮት አነጋገር ደግሜ አስመሰልኩ። እናቴ አልሳቀችም። «ታዲያ የትኛው ነው?» አለች።

ያን ጊዜ እናቴንም ናቅኋት።

ጨዋታው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሁለቱ አሠልጣኞች ስለ ዳኛና ስለ ሰዓት እንዲስማሙ ቢሮ ተጠሩ። የአቦቦው አሠልጣኝ የሱፍ የሚባል፣ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥቶ የሰፈረ ገበሬ ነበር። ልጆቹ የሚጫወቱት በቆሎ ማሳው ዳር ስለሆነ፣ ኳሱ ሰብሉ ውስጥ እየገባ ሲያስቸግረው፣ ማባረሩን ትቶ ማሠልጠን ጀመረ ይባላል። አባቴ «ሰፋሪው» ነበር የሚለው። አባቴም መጤ ነው፤ ልዩነቱ እሱ በደመወዝ፣ እነሱ በጭነት መኪና መምጣታቸው ነበር። ይህን ልዩነት ግን ቤታችን ውስጥ ማንም ቀላል ነው ብሎ አያውቅም።

ከስብሰባው በኋላ አባቴ ሰውየውን ወደ ቤት ይዞት መጣ። እንግዳ የማክበር መስሎኝ ነበር። ሰሌዳው በረንዳው ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ አሁን ሳስበው ሊያስፈራራው ነው ያመጣው።

የሱፍ የፕላስቲክ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ። ጠጠሮቹን ሲያይ ፊቱ በራ። «ይቺማ የድሮዋ የሰንጠረዥ ጨዋታ ናት» አለ።

«ቼዝ ነው» አለ አባቴ።

«ጥቁርና ነጭ ቀባችኋት እንጂ እሷው ናት ጌታዬ። የአጎቴ ጌቶች ጨርቅ ላይ ይጫወቷት ነበር።» ተቀመጠና አባቴ የመጀመሪያውን ጠጠር ሳያነሳ በሁለት እጁ አራት አምስት ጠጠር ወደፊት ገፋ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ወረራ ነዋ። አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ማን ይጠብቃል? እርስዎም ያንቀሳቅሱ እንጂ።»

«ተራ አለ» አለ አባቴ።

«ጦር ተራ ጠብቆ ይመጣል እንዴ?»

ከውስጥ የእናቴ ሳቅ ተሰማ። አባቴ ጠጠሮቹን አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው መለሰ፣ ሕጉን ዘርዝሮ አስረዳ። የሱፍ እያንዳንዱን «እሺ» እያለ ተቀበለ። ንግሥቲቱ ላይ ሲደርሱ ግን ቆመ። «ይቺ ሴትዮ ከዳር እስከ ዳር ትሮጣለች? ባሏ አንድ እርምጃ፣ እሷ እንዲህ?»

«አዎ።»

«እንግዲህ ቤቱን የያዘችው እሷ ናታ።»

«የትኛው ቤት እንዲያ ያልሆነ አለ?» አለች እናቴ ከውስጥ።

ከአንድ ሰዓት በላይ ተጫወቱ። የሱፍ ብዙ ያስባል፣ ያጉረመርማል፣ አባቴ ጥሩ ሲጫወት ጭኑን መትቶ ያደንቀዋል። መጨረሻ ላይ የአባቴ ጠጠሮች በሙሉ ከሰሌዳው ወጥተው ንጉሡ ብቻውን ጥግ ላይ ቆመ። የሱፍ ግንብና ሁለት ወታደር ነበረው። ሰሌዳውን ጥቂት አየና ግንቡን በጣቱ ጫፍ ወደ ኋላ ሳበው። «በቃ፣ ጥሩ ጨዋታ ነበር» ብሎ ተነሳ። ወደ አቦቦ የሚሄደው መኪና እንዳያመልጠው ጫማውን አጥልቆ ሄደ።

«አየሽ ቤርሳቤ?» አለኝ አባቴ። «ማጥቃት ያውቃል፤ መጨረስ አያውቅም። የእነዚህ ሰዎች ችግር ይኸው ነው።» ደብተሩን ከፍቶ «እኩል» ብሎ መዘገበ።

አመንኩት። ሰውዬው የንጉሡን አንገት በእጁ ይዞ ለቀቀው፤ ከዚህ የበለጠ ሞኝነት አልታየኝም።

ለጨዋታው ሁለት ቀን ሲቀር አባቴ ኮትንና ታንግን በረንዳው ላይ አስቀመጣቸው። እኔ ደረጃው ላይ ነበርኩ። አቦቦዎች ኦኬሎ የሚባል አጥቂ እንዳላቸው ነገራቸው፤ ሁሉ ነገራቸው እሱ ነው፣ ንግሥታቸው ነው። «ስለዚህ ልውውጥ እናደርጋለን። ፈረስ ሰጥተን ንግሥት እንወስዳለን። ኮት፣ ኳሱን ትተህ እግሩን ትመታዋለህ።»

«ዳኛው ያስወጣኛል ጋሼ።»

«ያስወጣህ። ኦኬሎ አኙዋክ ነው፣ አንተ ኑዌር። ከአንተ እግር ሲቀበል ዝም አይልም፣ መልሶ ይመታሃል። እሱም ይወጣል። እኛ ፈረስ አጣን፣ እነሱ ንግሥት።» ታንግ ደግሞ እዚያው ሜዳ ውስጥ ሆኖ ይጠብቃል፤ የኮት ካልሠራ ያንኑ ይደግማል።

ኮት ቀና አለ። «ሰዎቹስ?»

«የትኞቹ ሰዎች?»

«ሊያዩ የሚመጡት።»

«ተመልካች ሰሌዳው ላይ የለም» አለ አባቴ።

ይህች አነጋገር በጣም ደስ አሰኘችኝ። ትምህርት ቤት ወስጄ ደገምኳት። በዚያ ዓመት በአኙዋክና በኑዌር መካከል ሰው ሞቷል፤ እናቴ ሆስፒታል ስትውል የምታጥበው የማንን ቁስል እንደሆነ ቤት መጥታ አታወራም ነበር። ይህን ሁሉ አባቴ ያውቃል። ሳያውቅ ያደረገው ነው ብል ደስ ባለኝ፤ ግን አውቆ ነው፤ ቆጥሮ፣ ሒሳቡ ውስጥ አስገብቶ። አዲስ አበባ የሚሄዱትን የሚመርጠው እሱ ስለሆነ ደግሞ ሁለቱ ልጆች እምቢ ማለት አልቻሉም።

የጨዋታው ቀን ሜዳው ዙሪያ ሞልቶ ነበር። በስተቀኝ አኙዋኮች፣ በስተግራ ኑዌሮች፣ መሃል ላይ ጃንጥላ የዘረጉ ደገኞች። አቶ ኦቻላ የቢሮ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እናቴ የቁስል ዕቃ የያዘ ቦርሳዋን ይዛ ከሜዳው ጫፍ ቆማለች። እኔ ለዕድል ብዬ ከአባቴ ጠጠሮች አንዷን፣ ነጭ ወታደር፣ በቀሚሴ ኪስ ይዣለሁ። ከዕረፍት በፊት ሁለት ለአንድ ተመራን። አባቴ ሁለቱን ቅያሪዎቹን እዚያው ጨረሰ፤ «መክፈቻው ላይ እንዲህ ነው» እያለ ይጽፋል። የአቦቦውን ሰው ምሥጢር ላዳምጥ ብዬ ከዕረፍት በኋላ ሄጄ ከየሱፍ አጠገብ ተቀመጥኩ። እሱ ቁጢጥ ብሎ ሣር ያኝካል።

ኮት ኦኬሎን ሲመታው ድምፁ እኔ ዘንድ ደረሰ። ደረቅ እንጨት የተሰበረ ይመስል ነበር። ኦኬሎ ወደቀ። በቀኝም በግራም ተቀምጠው የነበሩ ወንዶች ተነሱ፤ አንድም የጮኸ የለም። እናቴ በሜዳው ጠርዝ ስትሮጥ አየሁ፤ ወደ ኦኬሎ መስሎኝ ነበር፣ ግን መጥታ የእኔን ትከሻ ጨምድዳ ያዘች። ጨዋታው አጓጉቷት ነው ብዬ አሰብኩ።

ኦኬሎ በክንዱ ተደግፎ ተነሳ። ኮትን አልተመለከተም፤ የተመለከተው ወደ እኛ ነው። የሱፍ መዳፉን ወደ መሬት ዘርግቶ ቀስ አድርጎ ዝቅ አደረገ። ኦኬሎ እያነከሰ ወደ ኮት ሄደና እጁን ዘረጋለት። ኮት እጁን ይዞ አለቀሰ። ዳኛው ኮትን ብቻ አስወጣ።

«ታንግ! ልውውጥ!» የአባቴ ድምፅ ነበር።

ታንግ አንዴ አባቴን አየ፣ አንዴ ሕዝቡን። ከዚያ ሄዶ ኦኬሎን ከኋላ ገፋው። ገፋው እንጂ አልመታውም፤ ለዳኛው ግን በቃ። ኦኬሎ አሁንም አልመለሰም። ጥቂት ቆይቶ ሌላ ተጫዋቻችንን ሙቀቱ ጣለው፤ በቃሬዛ ወጣ። ስምንት ቀረን። አቦቦዎች አሥራ አንድ ናቸው፣ እየመሩን ነው። እናቴ ሜዳውን ዞራ ወደ አባቴ ስትሄድ አየኋት። ምን እንዳለችው አልሰማሁም፤ ደብተሩን ከእጁ ወስዳ ዘጋችው።

የሱፍ ያን ጊዜ ቆመ። «ኦኬሎ፣ ና ውጣ።»

ኦኬሎ ተቆጣ። ሃያ ደቂቃ እንደቀረ፣ ሁለት ጎል ሊጨምር እንደሚችል ተናገረ።

«ንጉሡ ብቻውን ቀርቷል» አለ የሱፍ። «ከእንግዲህ በአንተ አይገደልም። ና፣ ተቀመጥ።»

ሌሎች ሁለት ጎበዞቹንም ጠራ። ማንንም አልተካም። ኦኬሎን የውሃ ጄሪካን አሸክሞ ወደ ኮትና ወደ ታንግ ላከው። ሦስቱ ከሜዳው ጠርዝ፣ ቀኙም ግራውም በሚያያቸው ቦታ ላይ በአንድ ጣሳ እየተቀባበሉ ጠጡ። የቆሙት ወንዶች አንድ በአንድ ተቀመጡ።

ስለ ንጉሥ የተባለውን ሰማሁ፤ የገባኝ ግን ሰውዬው መሸነፉን ማመኑ ነው። እየመራ እጁን የሰጠ አሠልጣኝ። ስምንት ለስምንት ሲሆን የእኛ ልጆች የኖራውን ቤት ረስተው እንደልባቸው ሮጡ። ሁለት ጎል አገቡ። ሦስት ለሁለት አሸነፍን።

ደገኞቹ አባቴን በትከሻቸው ተሸከሙት። «ልውውጡ ዘግይቶ ሠራ!» ይላል ከላይ ሆኖ፤ ኦኬሎ የወጣው በኮት ምት ተጎድቶ መስሎታል። የሱፍ ልብሱን እያራገፈ ልጆቹን ሊሰበስብ ሲል መንገዱ ላይ ቆምኩበት። ነጯን ወታደር ከኪሴ አውጥቼ ዘረጋሁለት።

«እንካ» አልኩት። «ይዘሃት ሂድና መጨረስ ተማር።»

ያን የሚያህል ሰው ነው። ጎንበስ ብሎ ወታደሯን በሁለት እጁ ተቀበለኝ። «አላህ ያሳድግሽ» አለ። ፈርቶኝ ነው ብዬ አሰብኩ።

ድልድሉ ሲወጣ የአባቴ ስም ነበረበት፤ «በጊዜያዊነት» የሚለው ቃል ጠፋ። አዲስ አበባ የሄደው ቡድን ሦስት ጊዜ ተጫውቶ ሦስቴ ተሸንፎ ተመለሰ፤ አባቴ ዳኞቹን ወቀሰ። አቶ ኦቻላን ከብዙ ዓመት በኋላ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ አግኝቻቸው ነበር። ስለ ድልድሉ ሳነሳባቸው የአባቴ ስም ከጨዋታው አንድ ወር በፊት ጸድቆ እንደነበር ነገሩኝ። አባቴ ይህን እንዳላወቀ ሞተ። እኔም አልነገርኩት።

ወታደሯ መጥፋቷን ሲያውቅ ውሻችን ሳይወስዳት አልቀረም አልኩት። ለጥቂት ሳምንት በረንዳውን ሲፈልግ ከረመ፤ በቦታዋ የለስላሳ ቆርኪ አቆመ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ከአቦቦ ሲመለስ ስለ እሷ መጠየቁን አቆመ። በየወሩ የመጀመሪያው ቅዳሜ አቦቦ ይሄድ ነበር፤ «ለቁጥጥር» ይለዋል። እናቴ «ዛሬም ቁጥጥር ነው?» ብላ አንድ ኪሎ ስኳር ጠቅልላ ታስይዘዋለች። ስኳር የሚያስፈልገው ምን ዓይነት ቁጥጥር እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ያ «ቼዝና ስፖርት» የሚለው ደብተርም ከዚያ ጨዋታ ወዲህ አንድ ገጽ አልተጨመረበትም። ሰነፈ ብዬ ነበር የማስበው።

ከሥልጠናው በኋላ በነበረው ሳምንት መሥሪያ ቤቴ መጋዘን እንዳይ ወደ አቦቦ ላከኝ። ሾፌሩ ጎማ ሊያስነፋ ሲቆም፣ ከአንድ ዛፍ ሥር ቀይ ጨርቅ አንጥፈው የተቀመጡ ሽማግሌ አየሁ። ዓይናቸው ፈዟል፤ ሣር ግን ያኝካሉ። ሄጄ ሰላም አልኳቸው።

«ድምፅሽ የፍቃዱ ነው» አሉኝ።

ባሌ ከሞተ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል። ሰዎች ሊያጽናኑኝ ሲጀምሩ ስለ ዝናብ እጠይቃቸዋለሁ። ጋሽ የሱፍ ጠጋ ብለው ጥቁር ልብሴን ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ከዚያ በዚህ ዓመት ዝናቡ እንደዘገየ፣ በቆሎው እንደቀጨጨ ነገሩኝ። ሌላ አልጠየቁም። ጠጠሮቹን ደረደሩ። ከእንጨት በእጃቸው የቀረጿቸው ናቸው፤ አባቴ ያስተማረኝን ያህል ስለማውቅ ተቀመጥኩ።

ግማሽ ሰዓት አልፈጀባቸውም። ጠጠሮቼ አለቁና ንጉሤ ብቻውን ቀረ። በግንባቸው አንድ እርምጃ ሲቀራቸው ግንቡን ወደ ኋላ ሳቡት።

«ይጨርሱት እንጂ» አልኩ።

«በዚህ? ነውር ነው ልጄ። ንጉሥ ብቻውን ሲቀር ትልልቆቹ ጠጠሮች አይነኩትም። በወታደር ከሆነ ይሁን፤ ካልሆነ ይተዋል። አባትሽም መጀመሪያ ሰሞን ጨርሰው እያሉ ያስቸግሩኝ ነበር። ኋላ ለመዱት።»

ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። አልተነሳሁም።

እስኪሞት ድረስ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየወሩ አንድ ቅዳሜ፣ አባቴ እዚህ ጨርቅ ላይ ተቀምጦ ያን ሕግ ሲማር ኖሯል። ቤት ሲመለስ ስለ ልውውጡ ለእንግዳ ይተርካል፤ እኔ የሚጎድለውን እጨምርለታለሁ። የሚተርከው ለእንግዳው ሳይሆን ለእኔ እንደነበር አሁን አውቃለሁ።

«ጋሽ የሱፍ፣ ያን ቀን አውቀው ነው የተሸነፉት?»

«አባትሽ አሸነፉ» አሉ። «ደብተር ላይ ተጽፏል፤ አሳይተውኛል።»

ጠጠሮቹን ወደ ቦታቸው ስመልስ ነው ንጉሤን በደንብ ያየሁት። እንጨት አይደለም። የፕላስቲክ ነው፤ ዕድሜ ያጠየመው ነጭ፣ ራሱ ላይ ዘውድ የሌለው። ግማሽ ሰዓት ሙሉ በእጄ ሳንቀሳቅሳት አላወቅኋትም ነበር።

«ይቺ» አልኩ።

«ንጉሣችን አንድ ክረምት በጎርፍ ሄደብን። ሌላ ልቀርጽ ስል አባትሽ ከወታደሮቹ መሃል ይቺን አነሱ። ይቺ ትሁን፣ አሉኝ።»

«አባቴ ከየት እንዳገኟት አልጠየቀዎትም?»

ጋሽ የሱፍ ሣሩን ተፉ። «አቦቦ ውስጥ የፕላስቲክ ጠጠር ማን አለው ልጄ? መጀመሪያ ሲመጡ ገና ከመቀመጣቸው አይተዋታል። አንስተው አገላብጠው መለሷት። ከዚያ እንጫወት አሉ።»

እሳቸው በሁለት እጃቸው ወታደሮቻቸውን ወደፊት መግፋት ጀምረዋል፤ ተራ አይጠብቁም። እኔ ግን ከመግፋቴ በፊት ሌላ ነገር ማድረግ ነበረብኝ። ነጯን ወታደር በሁለት እጄ አንስቼ በንጉሡ ቦታ አቆምኳት።